የጅብ ጥላ ያበቀለው ግንድ

ሰው ሁሉ የበሰበሰ እንጨት ሲሸተው አፍንጫውን ይይዛል። እኔ ቆሜ እስበዋለሁ። ባለፈው ጥቅምት ከመካነ ኢየሱስ ከተማ ወደ መንደራችን በእግሬ ሳዘግም፣ ወንዙ ዳር የወደቀ ዋንዛ አየሁና መንገዱን ትቼ ሄድኩበት። አብረውኝ ከአውቶቡስ የወረዱ አንዲት እናት «ምን ጠፋብሽ ልጄ?» አሉኝ። «ምንም» አልኳቸው፤ አፍንጫዬን ግን ከልጡ አላነሳሁም። እርጥብ አፈር፣ የከረመ የጠላ አተላ፣ ከሥር ደግሞ አሁን እንደተቀደደ ዱባ ጣፈጥ የሚል ነገር። ይህን ሽታ ያስተማረችኝ አክስቴ እትዬ ገዴ ናት፤ ሦስተኛ ክፍል ልገባ በነበርኩበት ክረምት። የሚስቅ ይሳቅ።

እትዬ ገዴ የአባቴ ታናሽ እህት ነበረች። ባሏ መካነ ኢየሱስ ከአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ልብስ ሰፊ ነበር። እሱ ሲሞት ወንድሞቹ መጡና የስፌት መኪናውን ራስ ፈትተው ወሰዱ፤ የብረት እግሩን፣ መርገጫውንና መንኮራኩሩን «ይህ ምን ያደርጋል» ብለው ጥለውላት ሄዱ። እሷ አህያ ለምና ያንን ብረት ጫነችና ወደ ወንድሟ ቤት መጣች። በዚያ ቀን መንደሩ ሌላ ወሬ አልነበረውም።

«ሰማሽ? ገዴ ባሏን ቀብራ እግሩን ይዛ መጣች!»

እኔ ይህን ስሰማ ቀልድ መሆኑ አልገባኝም። ያ የማዳበሪያ ጆንያ የለበሰ፣ ጓዳችን ጥግ የቆመ ነገር የሟች አጎቴ እግር ነው ብዬ አመንኩ። ለብዙ ሳምንት በአጠገቡ ሳልፍ እጅ እነሳ ነበር።

እትዬ ገዴ ሲስቁባት አብራ ትስቃለች፤ ሥራዋን ግን አታቆምም። ወንዝ ማዶ ካለው ቀጥቃጭ ዘንድ ሄዳ፣ በመንኮራኩሩ አናት ላይ ሦስት ጥርስ ያለው የብረት ዘንግ አስገጠመች። አሮጌ ሞረድ አስቀጠቀጠችና ጫፉን እንደ ንስር ጥፍር አስቆለመመችው። እግር ሲረግጥ ጠፍሩ መንኮራኩሩን ይጎትታል፣ ዘንጉ ይሽከረከራል፣ ጥርሱ የነከሰው እንጨት አብሮ ይሽከረከራል፣ የሞረዱ ጫፍ ሲነካው እንጨቱ እየተላጠ ይከብባል። አንዴ ከእንጨት ቁራጭ የእንዝርት ራስ የመሰለ ነገር አውጥታ አሳየችን። አባዬ አገላብጦ አየውና መለሰላት።

«ጥሩ ነው» አለ። «ግን ገዴ፣ የኔን ማረሻ አይተሽዋል? ጫፉ እንደ አሮጊት ጥርስ አልቋል። ይህ ብረት ሁለት ማረሻ ይወጣዋል።»

«የኔ ብረት ነው አያ ሙላት።»

«የኔ ቤት ነው።»

እኔ በዚያ ጊዜ አባዬ እህቱን የጠላት ነበር የሚመስለኝ። መሬቱ እንደማይቧጨርለት፣ በሰኔ ሁለቴ ያረሰውን ሦስተኛ ሊደግም በሬ እየለመነ እንደነበር የት አውቄ? እትዬ ገዴ ግን የምታውቅ ይመስለኛል፤ ስላወቀች ነው ቀን ቆርጣ የተናገረችው።

«ኅዳር ሚካኤል ማኅበሩ አንተ ቤት ነው አይደል? የማኅበሩ ጽዋ ሸክላው ተሰንጥቆ በጨርቅ ታስሮ ነው የሚዞረው። አዲሱን ጽዋ ከዚህ መኪና አወጣዋለሁ። ካላወጣሁ ብረቱን በጀርባዬ ተሸክሜ ለቀጥቃጩ አስረክባለሁ። ማረሻህን ያውጣልህ።»

አባዬ ብረቱን አየ፣ እሷን አየ። «እስከ ኅዳር ሚካኤል» አለ።

እንግዲህ እንጨት መጣ። ከየት? በእኛ አገር ያልተጻፈ ሕግ አለ፤ ቆሞ ያለ ዛፍ የወንድ ነው፣ ወድቆ ያለ የሴት። መጥረቢያ ወንድ ያነሳል፤ ሴት ትለቅማለች። የደብሩን ዛፍማ ወንዱም አይነካውም። እናቴ «አንድ ወንድ ለምኚና ይቁረጥልሽ» ስትላት እትዬ ገዴ ራሷን ነቀነቀች።

«የወደቀው የሴት ነው አይደል የሚሉት? በሕጋቸው እገባለሁ። እለቅማለሁ። ከለቀማ ማን ይከለክለኛል?»

ያን ክረምት ትምህርት ቤት ተዘግቶ ነበርና እኔን አስከትላ ትዞራለች። ዝናቡ ጋብ ሲል እንወጣለን፣ ሲጥል ቋጥኝ ሥር እንገባለን። ያላነሳነው ጉቶ የለም። ባሕር ዛፉ መኪናው ላይ ሲወጣ ከዳር እስከ ዳር ይሰነጠቃል። ወይራው ሞረዱን ይበላዋል። ግራሩ እሾሁን እንጂ ልቡን አይሰጥም። እሷ እያንዳንዱን በጉልበቷ አቅፋ ታሸትታለች፣ በጣቷ አንጓ ታንኳኳለች፣ ትጥላለች።

በነሐሴ አንድ ቀን ከወንዙ ጠርዝ፣ ረጅም ሣር ውስጥ፣ ያን ግንድ አገኘነው። ዋንዛ ነው። ባለፈው ዓመት ጎርፍ ሥሩን በልቶ የጣለው። ወፍራም ነው፣ እኔ ከኋላው ብተኛ የምሰወርበት። ከጫፍ እስከ ጫፍ ደግሞ የጅብ ጥላ በቅሎበታል፤ ነጩ፣ ቡናማው፣ አንዱ ባንዱ ላይ እንደ ጆሮ ተደራርቦ።

እኔ ባለሁበት ደረቅሁ። እኛ ልጆች የምናውቀው እንዲህ ነው፤ ጅብ ዝናብ ሲይዘው ጥላውን ይዘረጋል፣ ሲያባራ እዚያው ተክሎት ይሄዳል፣ በኋላ ተመልሶ ይወስደዋል። የጅብ ጥላ የወሰደ ሰው ቤቱን ለጅብ አሳየ ማለት ነው። አንድ ጥላ አይተን እንኳ ዞር ብለን ነው የምናልፍ። እዚህ ያለው ደግሞ የአንድ ጅብ አይደለም፤ ማኅበር የሚበላ የጅብ አገር በሙሉ ነው።

«እትዬ፣ እንሂድ።»

«ቆይ እስቲ።» ልጡን በጥፍሯ ፈልቅቃ አነሳችው። «አስናቁ! ነይ እይልኝ ይህን! ማነው የሳለው?»

እየፈራሁም ቢሆን አየሁ። እንጨቱ የዋንዛ መልክ አልነበረውም። እንደ አመድ ነጣ ያለ፣ አንዳንድ ቦታ እንደ ማር ቢጫ፤ በነጩ መሐል ደግሞ ቀጭን ጥቁር መስመር፣ በቀለም ቀንድ በተነከረ መቃ የተጻፈ የመሰለ፣ እየተጠማዘዘ ይሄዳል፣ ተራራ ይሠራል፣ ወንዝ ይሠራል፣ ራሱ ላይ ይገጥማል።

«ሻጋታው ነው» አለች። «ሲበላው ድንበር ያሰምራል። አንዱ ሻጋታ ከአንዱ ሲገናኝ እንደ ገበሬ ይጣላል፤ ይኸ ጥቁሩ ድንበራቸው ነው።» ከዚያ አውራ ጣቷን እንጨቱ ላይ ጫነች። «ስሚ። ጥፍርሽ ከተመለሰ ገና ነው፣ ሥዕሉ አልወጣም። ጥፍርሽ ከሰጠመ አልፎበታል፣ ዱቄት ሆኗል። ጥፍርሽ ምልክት ጥሎ ከቆመ ያን ጊዜ ነው። ይህ ለመስቀል ማግሥት ይደርሳል።»

በእኛ ዘንድ የወደቀ እንጨት አይተሽ ዛሬ መሸከም ካልቻልሽ ድንጋይ ትጭኚበታለሽ። ድንጋይ የተጫነበት ባለቤት አለው፤ ሌላ ሴት አትነካውም። እትዬ ገዴን ግን የወንዝ ዳር ድንጋይ አላማራትም። ቤት ተመልሳ የተሰበረውን የወፍጮ መጅ ግማሹን ይዛ መጣች። መጁ በእህል መፍጨት ብዛት የለሰለሰ፣ መሐሉ ላይ ለሁለት የተሰበረ፣ ጎረቤት ሁሉ የሚያውቀው ነው። ግንዱ ላይ አስቀምጣ መታ መታ አደረገችው።

«እንግዲህ የማን እንደሆነ ዕውር እንኳ ዳብሶ ያውቃል።»

ዕውር ካወቀ ጅብም ያውቃል አልኩ በልቤ።

ሦስት ቀን አሰብኩበት። ያ መጅ የእኛ ቤት ሽታ አለው፤ የገብስ፣ የባቄላ፣ የእናቴ እጅ። ጅቡ ጥላውን ሊወስድ ይመጣል፣ መጁን ያሸታል፣ ከዚያ ቀጥ ብሎ ወደ እኛ ቤት። በአራተኛው ቀን ውኃ ልቀዳ ስወርድ እንስራዬን አስቀምጬ መጁን ከግንዱ ላይ ገፋሁት። ከበደኝ፤ በሆዴ ደግፌ አንከባለልኩትና ከገደሉ ሥር ካለው ኩሬ ዶልኩት! አረፋው እስኪጠፋ ቆሜ አየሁ። ቤተሰቤን አዳንኩ ብዬ ደስ እያለኝ ወደ ቤቴ ወጣሁ። የዚያን ቀን ውኃ አንዲት ጠብታ አልደፋሁም።

የመስቀል ደመራ አመድ ሳይበርድ እትዬ ገዴ «ነይ እንያት» አለችኝ። ልክ ሙሽራ ለማየት እንደምትሄድ ነው የተጣጠበችው። ስንደርስ ግንዱ ላይ ሦስት አዲስ የመጥረቢያ ምልክት ተቆርጧል። አጠገቡ አያ አስማረ ቆሞ ጢሙን ያሻሻል። አያ አስማረ ወንዙን የሚያዋስን እርሻ ያለው፣ የማኅበሩም አባል፣ ድምፁ ከበሬው የሚበልጥ ጎረቤታችን ነው።

«እንዴት ዋልሽ ገዴ? ገንዳ ላወጣበት ነው፤ ልቡ በስብሶ ስለጠበቀኝ ለመፈልፈል ቀላል ነው።»

«ይህ ግንድ ምልክት አለው አያ አስማረ።»

«የታለ?»

እትዬ ገዴ ዞረች። ሣሩን ገለጠች፣ ጎንበስ ብላ ከግንዱ ሥር ዳበሰች። እኔ እግሬን እያየሁ ነበር።

«መጄን ማን አነሳው?»

«መጅ!» ብሎ ሳቀ። «ሴትዮ፣ ቅርንጫፍ ልቀሚ፣ ጭራሮ ልቀሚ። ሴት ግንድ ትለቅማለች እንዴ?»

«ልኩን ማን ወሰነው?» አለች። «ጭራሮ ተሸክሜ ጀርባዬ ሲላጥ የለካኝ አልነበረም። ግንድ ስለቅም ነው ሚዛኑ የመጣው? እሁድ ሽማግሌ ፊት እንገናኝ።»

በመንገድ ላይ አውራ ጣቷን ብቻ ደጋግማ ታይ ነበር፤ ከመሄዳችን በፊት ግንዱን ተጭናው ኖሯል፣ ጥፍሯ ምልክት ጥሎ ቆሟል። ደርሷል ማለት ነው። ሁለት ሳምንት ከቆየ ዱቄት ነው። ግንዱ ከሄደ ጽዋ የለም፣ ጽዋ ከሌለ ብረቱ ማረሻ ነው። ይህን ሁሉ በዘጠኝ ዓመቴ ቆጥሬ ጨርሼዋለሁ። መናገር ብቻ ነው ያልቻልኩት።

እሁድ ቅዳሴ ሲወጣ ሽማግሌዎቹ ከደብሩ ቅጥር ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። መሐላቸው የደብሩ መሪጌታ፤ መቋሚያቸውን በሁለት ጉልበታቸው መሐል አቁመው። አባዬ ከወንዶቹ ኋላ ቆሞ መሬት ያያል። አያ አስማረ ተናገረ፤ ምልክት አልነበረም፣ እኔ መጥረቢያዬን አሳረፍኩ፣ አለቀ። እትዬ ገዴ ተናገረች፤ መጅ ጭኛለሁ፣ ወንድ ቆራጭ ሴት ለቃሚ ያላችሁት እናንተ ናችሁ።

«ምስክር አለሽ ልጄ?» አሏት መሪጌታ።

«የለኝም የኔታ። የጫንኩት እኔ፣ ያየችኝ ይህች ሕፃን ናት።»

«ሕፃን!» አለ አያ አስማረ። «አሁን ደግሞ ጫጩት ትመስክርብኝ!»

ሰው ሳቀ። ያ ሳቅ ነው አፌን የከፈተው። ሴት ልጅ ሽማግሌ ፊት ሳትጠየቅ አትናገርም፤ አውቃለሁ። ግን ተናገርኩ፤ መናገር ብቻ ሳይሆን ጮህኩ።

«መጁ ነበረ! እኔ ነኝ ኩሬ ውስጥ የጣልኩት!»

እትዬ ገዴ ዞራ አየችኝ። እንዲያ አይታኝ አታውቅም።

«ለምን ጣልሽው?» አሉኝ መሪጌታ በዝግታ።

«ጅቡ ጥላውን ሊወስድ ሲመጣ... ቤታችንን እንዳያውቀው።»

አሁን ሳቁ ቅጥሩን አልፎ ተሰማ። አያ አስማረ ጭኑን መታ። «መሪጌታ፣ ጅቡንም ያስጠሩልን እንጂ! እሱም ይመስክር!»

መሪጌታ ግን አልሳቁም። «መጁን ልታወጪው ትችያለሽ?»

ሮጥኩ። ከኋላዬ ሕፃን ሽማግሌ ሁሉም ተከተለኝ። ቀሚሴን ሰብስቤ ኩሬው ውስጥ ገባሁ። ውኃው ጥቅምት ሊገባ ሲል እንደሚሆነው አጥንት ይቆርጣል፣ እስከ ብብቴ ደረሰ። በእግሬ እዳብሳለሁ፤ ጠጠር፣ ጭቃ፣ ሥር፣ ጠጠር። ዳር ላይ አንዱ «ውጪ አንቺ ልጅ፣ ትታመሚያለሽ» ይላል። አልወጣም! ልቤ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ያለ መጁ ከዚህ ውኃ ከወጣሁ ለዘላለም ጫጩት ነኝ። ከዚያ ውስጥ እግሬ አንድ የለሰለሰ ነገር ረገጠ። የእህል ልስላሴ እንጂ የወንዝ ልስላሴ ያልሆነ። ትንፋሼን ውጬ ጠለቅሁ፣ በሆዴ አቅፌ አወጣሁት፣ ከሽማግሌዎቹ እግር ሥር ዱብ አደረግኩት።

«መጅ ሁሉ መጅ ነው» አለ አያ አስማረ፤ ድምፁ ግን ከበሬው አንሶ ነበር።

እትዬ ገዴ ቀድማ ወደ ቤት ሄዳ ኖሯል። የጎተራውን ክዳን ተጭኖ የሚውለውን ሌላውን ግማሽ ይዛ መጣች፤ አስቀመጠችና ገጠመችው። መሪጌታ ጎንበስ ብለው መዳፋቸውን በስብራቱ ላይ አሳለፉ፣ ሄደው ተመለሱ። ጣታቸውን የሚይዝ ክፍተት አልነበረም።

«የተለያየ ድንጋይ ስብራቱ እንዲህ አይገጥምም» አሉ። «ምልክት ነበረ። ግንዱ የለቃሚዋ ነው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺም ጅብን ፍሪ፤ ሰውን ግን እንዳሁኑ አትፍሪ።»

በማግሥቱ ጠዋት የበሬ ቀንበር ድምፅ ሰምቼ ወጣሁ። አባዬ በሬዎቹን ጠምዶ፣ ግንዱን በጠፍር አስሮ ከወንዝ እየጎተተ ያመጣዋል። እትዬ ገዴ በር ላይ ቆማ አፏን በነጠላዋ ይዛለች።

«ምን ታዪኛለሽ?» አላት። «ላንቺ ብዬ አይደለም። የውኃ መንገድ ዘግቶብን ነው።»

ግንዱ የውኃ መንገድ ዘግቶ አያውቅም።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ድምፅና ሽታ ነው። እትዬ ገዴ ሞረዱን በሁለት እጅ ስትይዝ መርገጫውን የሚረግጥ አስፈለገ፤ ያ እኔ ሆንኩ። መጀመሪያ እግሬን ሳሳርፍ የአጎቴን እግር የረገጥኩ መስሎኝ ይቅርታ ጠየቅሁት። ኪርር ኪርር ይላል፤ የእንጨቱ ልጣጭ እንደ ተቆላ ገብስ ሞቅ ሞቅ ብሎ ፊቴ ላይ ይዘንባል፤ ያ የዱባና የአተላ ሽታ ቤቱን ይሞላል። እናቴ ብናኙ እንዳይገባን አፍና አፍንጫችንን በጨርቅ አሰረችልን፤ ሁለት ሽፍታ መሰልን። የመጀመሪያው ጽዋ ሊያልቅ ሲል ሞረዱ የላላ ቦታ አገኘና ጽዋው ተፈናጥሮ ግድግዳውን መታ። እትዬ ገዴ ስብርባሪውን ለቅማ አሸተተችው፣ ወደ እሳት ወረወረችው፣ «ቀጥሎ» አለች። ሁለተኛው አንገቱ ላይ ተሰነጠቀ። «ቀጥሎ።» ሦስተኛው ወጣ። በገብስ ገለባ ቀብራ ቀስ ብሎ እንዲደርቅ ተወችው። በኅዳር መባቻ አወጣችው፣ ሰም አቅልጣ ውስጡን ሦስት ጊዜ አጠጣችው። እኔ ያን ጊዜ የአጎቴን እግር ከረሳሁት ቆይቻለሁ። የሚረግጠው የኔ እግር ነበር።

ኅዳር ሚካኤል ደረሰ። ማኅበርተኞቹ መደቡ ላይ ተደረደሩ። አያ አስማረ ከጋቢው ሥር አንድ ነገር ደብቆ ገባ፤ ሲቀመጥ ጠርዙ ወጣ፤ ቢጫ የፕላስቲክ ጆግ ነው።

«መቼም አይታወቅም ብዬ ነው» አለ። «ከመካነ ኢየሱስ ያመጣሁት። የበሰበሰ እንጨት ጠላ ከያዘማ ወንፊትም ይይዛል።»

አባዬ ጽዋውን በነጭ ጨርቅ ይዞ አቀረበ። ነጩ ላይ ጥቁሩ መስመር ዙሪያውን ይሄዳል፣ ተራራ፣ ወንዝ፣ ድንበር። መሪጌታ ጸሎቱን አደረሱ፣ ጠላው ተሞላ፣ ባረኩና ቀምሰው አሳለፉ። እየዞረ አያ አስማረ ዘንድ ደረሰ። እሱ አልጠጣም። ጽዋውን ከነጭ ጋቢው በላይ ከፍ አድርጎ ያዘና ሥሩን ያይ ጀመር። ጠብታ ይጠብቃል። እኔ በጓዳው በር ሆኜ የሱን ጋቢ አያለሁ። አባዬም ያያል። የአባዬ ከንፈር ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ለማን እንደሚጸልይ ያኔ ገባኝ። ጋቢው ነጭ እንደሆነ ቀረ።

«እሺ፣ አያፈስም» አለ አያ አስማረ በመጨረሻ። «ግን ይህ ጥቁሩ ምንድን ነው?»

እትዬ ገዴ ከጓዳ ሆና መለሰች፤ ድምፅዋን ሳትቀንስ።

«የጅብ ጥላ ነው አያ አስማረ። ባለቤቱ ሳይመጣ ጠጣው!»

መሪጌታ ሳቃቸውን በመቋሚያቸው ሊደግፉት ሞከሩ፣ አልቻሉም። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አያ አስማረም ሳቀ፤ ሳቀና እስከ ሥሩ ጠጣ። ጆጉን እናቴ የዶሮዎቹ ውኃ መጠጫ አደረገችው።

በማግሥቱ አባዬ ያለቀ ማረሻውን በትከሻው ይዞ ወደ ቀጥቃጩ ወረደ፤ ያለውን ጫፍ ይሳልለት ዘንድ። ጓዳ ወዳለው ብረት ዞር ብሎም አላየ።

እኔ ደግሞ ግማሹን መጅ አዝዬ ወንዝ ወረድኩ። ከኩሬው በላይ የወደቀ ሌላ ዋንዛ አይቼ ነበር፤ ትንሽ ነው፣ ሁለት ጥላ ብቻ ነው የበቀለበት። መጁን በሁለት እጄ አንስቼ ከላዩ ጫንኩት፣ እትዬ ገዴ እንዳደረገችው መታ መታ አደረግኩት። የለሰለሰው ፊቱ ወደ ላይ፣ የቤታችን ሽታ ወደ ዱሩ።

ጅቡ ካወቀን ይወቀን።